ባቡሩ ሲቆም፣ ባቡሩ ሲያልፍ

 የዚህ እትም የታሪክ ገጽ ተራው የእኛ የደምበጫዎቹ ነው። ስለ ባቡር ልንጽፍ ነው ስንል ከራሳችን ቡድን ሳይቀር የሳቁብን ነበሩ። «ደምበጫ ላይ ባቡር ማለት ወፍጮ አይደል እንዴ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። እናቶቻችን «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ካሉ በቆሎውን ወይም ጤፉን ተሸክመው ወደ እህል ወፍጮ መሄዳቸው ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር ከመካከላችን በዓይናቸው ያዩት አንዲት እናት ብቻ ናቸው።

ነገሩ ያገባናል የምንልበት ምክንያት ግን አለን። ባለፈው ክረምት የብድር ኮሚቴያችን ተሰብስቦ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ሻይ ለሚሸጡ አባሎቻችን የሰጠነው ብድር በወቅቱ አልተመለሰም። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ገበያቸው አብሮ ይዘጋል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄዱት ትልልቅ አውቶቡሶች ብዙዎቹ እኛ ጋ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ግማሾቻችን «ሕግ ሕግ ነው፤ ይክፈሉ፤ ካልሆነ ዋሶቻቸው ይጠየቁ» አልን። ግማሾቻችን «ከየት አምጥተው?» አልን። ክርክሩ ሲከር በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ ባቡሩን ያዩት እናታችን፣ «ይህን ነገር እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በባቡር ጊዜ» አሉ። ያን ቀን የነገሩንን፣ በኋላም ልጆቻችን ከቤተ መጻሕፍት ካመጡልን መጻሕፍት ያነበብነውን አንድ ላይ አድርገን እነሆ ጽፈነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ሐዲዱ እንዴት ገባ

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የተቀበለው አማካሪያቸው የነበረው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ ሊዮን ሸፍኔ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴም የሥራው ተካፋይ ነበር። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሰሙ በጭነት ከብት ወርዶ ጨርቁና መሣሪያው በዚያው ይወጣል። ሲራራ ነጋዴ አንዱን ጉዞ ለመጨረስ ከወር በላይ ይፈጅበታል።

ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በረሃውን፣ ሸለቆውን፣ ውኃ የሌለበትን ሜዳ አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ቦታ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ከተማ ለመግባት ነበር። ተራራው ግን ለሐዲድ የሚመች ስላልነበረ ባቡሩ ከሥር ቀረ። ሐረርን ጥሎ ሲቀር «አዲስ ሐረር» ተብላ የተጀመረችው ጣቢያ ድሬዳዋ ሆነች። ባቡሩ ባይቆምባት ኖሮ ያች ከተማ ባልኖረች። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከድሬዳዋ ወዲህ ግን ሥራው ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሠረ። ከዚያም በላይ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣልያን ሐዲዱ የማን ይሁን በሚለው ይጣሉ ነበር። በ1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ስምምነት ውስጥ አንዱ ዋና ጉዳይ ይኸው ባቡር ነበር። ባለ አገሩ ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ሰጥተው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው ተቋቋመና ሥራው ቀጠለ። አዋሽን በድልድይ ተሻግሮ፣ አቃቂን አልፎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ግን ይህን ለማየት አልታደሉም፤ አራት ዓመት ያህል ቀድመው አርፈዋል። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ከእኛ ከደምበጫ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ብንሄድ እንኳ አንደርስበትም።

ዛሬም ለገሐር ተብሎ የሚጠራው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። ስሙ ፈረንሳዮቹ ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ሕዝቡ ሰምቶ በራሱ አፍ አሳመረው።

በባቡር ሄደው በእኛ በር ተመለሱ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ዛሬ ሦስት ቀን ሲባል ይረዝምብናል። ከወር በላይ በእግርና በበቅሎ ይጓዝ ለነበረ ሰው ግን ተአምር ነበር።

የአገራችን ታላላቅ ቀኖች በዚሁ ባቡር ላይ አልፈዋል። ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የወጡት በባቡር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት ከተማዋን ያዘ። ሲመለሱ ግን በባቡሩ አልተመለሱም። በጥር 1933 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ወጥተው፣ በቡሬና በእኛው በደምበጫ አድርገው ደብረ ማርቆስ ገቡ። የካቲት ሊያልቅ ሲል በደምበጫ አካባቢ ብርቱ ውጊያ ተደርጓል። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ቦታውን ያሳያሉ። ሐዲድ የሌለው አገር ለአርበኛው መንገድ ሆነ ማለት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት «ጎጃም ከባቡሩ ታሪክ ምን አለው?» ተብለው ቢጠየቁ ይህን ይመልሱ።

ጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ፈጣን የሆነ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር አመጡ። ሕዝቡ «ሊቶሪና» ይለው ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተር ያላቸው መጎተቻዎች ከሰልና እንጨት የሚበሉትን አሮጌዎቹን እየተኩ መጡ። ያን ጊዜ ጉዞው አጠረ፤ ሌሊትም መሄድ ተቻለ። መኝታ ያለው ባቡር ማታ ከለገሐር ተነሥቶ ጠዋት ድሬዳዋ ይደርስ ጀመር። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። በአንደኛው ባለ ሥልጣኑና የውጭ አገር ሰው፣ በሦስተኛው በእንጨት አግዳሚ ላይ ሕዝቡ ከነዶሮው፣ ከነጆንያው፣ ከነልጁ ይሳፈራል። በ1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ግማሽ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆኖ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የባቡሩ መልካም ዘመን ይህ ነበር።

የጣቢያ ሴቶች

መጻሕፍቱ ስለ ንጉሡ፣ ስለ መሐንዲሱና ስለ ውሉ ብዙ ይናገራሉ። ስለ ሴቶቹ የሚሉት ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል የምንጽፈው እናታችን እንደ ነገሩን ነው።

እሳቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ወታደር የነበሩ አጎታቸው ወደ ምሥራቅ ሲዛወሩ አብረው ሄዱ። ካደጉ በኋላም እዚያው አግብተው፣ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ባለችው በአፍደም ጣቢያ ሻይና ዳቦ እየሸጡ ልጆች አሳደጉ። ባቡሩ የሚመጣበት ቀን የገበያ ቀን ነበር ይላሉ። ሰዓቱን ጠብቆ የመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ቢዘገይም ይመጣል፤ ሲመጣም ይቆማል። ለእኛ ይበቃን ነበር» ይላሉ።

ሲቆም አንዷ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን፣ አንዷ የተቀቀለ እንቁላሏን፣ አንዷ ወተቷን ይዛ በየመስኮቱ ትሮጣለች። የሶማሌዋ፣ የአፋሯ፣ የኦሮሞዋ፣ የአማራዋ ሴት በአንድ መስኮት ሥር ትጋፋለች። ቋንቋ ባይገናኝም ሒሳብ ይገናኛል። ገንዘብ የሌላት ከሌላዋ ተበድራ ዱቄት ገዝታ፣ ባቡሩ ሲመለስ ትከፍላለች። ዕቁባቸውን የሚጥሉትም ባቡሩ በሚመጣበት ቀን ነበር። ማኅበር የሚል ስም አልነበረውም እንጂ የእነሱም ሥራ እንደ እኛው መረዳዳት ነበር።

በባቡሩ ላይ ደግሞ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ከጅቡቲ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮ እያመጡ ድሬዳዋና አዲስ አበባ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ እነሱ እንጀራ ይሉታል። ስድስት ሰባት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው፣ ጨርቁን ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው እንደ ነፍሰ ጡር ሆነው ይሳፈራሉ። «ፊናንስ» የሚሏቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ሲመጡ መንገደኛው ሁሉ አንዳንድ ዕቃ በእግሩ ሥር ይይዝላቸዋል። የተያዘችባት ዋናዋን ሁሉ አጥታ ታለቅሳለች፤ በሚቀጥለው ባቡር ግን ተበድራ ትሄዳለች። ይህን የምንጽፈው ሕግ መጣስን ለማሞገስ አይደለም። ባቡሩ የስንት ሴት ቤት ምሰሶ እንደ ነበረ እንዲታወቅ ነው።

እንዴት ደከመ?

ባቡሩ በአንድ ቀን አልሞተም። ብዙ ነገር ተደራርቦበት ነው።

የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ነው። ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ከተሠራ በኋላ ጭነቱ ቀስ በቀስ ከሐዲድ ወደ ጭነት መኪና ዞረ። መኪና ከደጅ ጭኖ ደጅ ያደርሳል። ባቡር ግን ጣቢያ ድረስ አምጡልኝ፣ ከጣቢያም ውሰዱልኝ ይላል። ከጭነቱ በሚገኘው ገቢ ነበር የመንገደኛው ባቡር የሚደጎመው። ጭነቱ ሲሄድ ድጎማው አብሮ ሄደ።

ሁለተኛው ጦርነት ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ ድልድዮቹ በፈንጂ ተመቱና መስመሩ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ወጣች። በ1973 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ባቡሩን በጋራ ለማስተዳደር ተስማሙ። ሐዲዱ ግን ያው የምኒልክ ዘመን ቀጭን ሐዲድ ነበር። የሚጠግነው እጅ እንጂ የሚለውጠው ገንዘብ አልተገኘም።

ሦስተኛው አደጋው ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ያለበት ኩርባ ላይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ከሐዲድ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩም ቆሰሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እንደ ነበረ ይነገራል። ዓመቱ የድርቁ ዓመት ነበርና የዓለም ጆሮ በረሃብተኛው ላይ ስለ ነበር የነዚያ ሰዎች ሐዘን ብዙም አልተሰማ። እናታችን በእሳቸው ሠፈር ብቻ ከአንድ በላይ ድንኳን ተተክሎ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ከሟቾቹ መካከል ከዚያ በፊት ቀሚስ አቀብለው የሚያውቋት ነጋዴ ነበረችበት። ይህን ሲነግሩን ንግግራቸውን አቁመው ጥቂት ቆዩ፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አራተኛው ዝም ብሎ ማርጀት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ የሚያንሰራራበት ጊዜ ነበር። ግን መጎተቻው ተበላሽቶ መለዋወጫ የለም፤ ሐዲዱ ተጣሞ ባቡሩ በየጊዜው ይወድቃል። ጭነቱን የጭነት መኪናዎች ወሰዱት። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሊታደስ ተሞክሮ ሥራው ከግቡ ሳይደርስ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ጥቂት ጊዜ እየተንፏቀቀ ቆይቶ እሱም ደከመ።

እናታችን ግን ያን ሁሉ አልጠበቁም። ባቡሩ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣ የነበረው አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በአሥራ አምስት ቀን፣ ከዚያም ሲሻው ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደምበጫ ተመለሱ። «አንዳችንም ሌላ ሥራ አልያዝንም ነበር። ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልን ዕቃችንን በላን» አሉን። በዚያች ጣቢያ የነበሩት ሴቶች ዕቁባቸው ፈረሰ። ያበደረችው ከተበዳሪዋ ጋር ተጣላች። የጥፋቱ ባለቤት ባቡሩ ሆኖ ሳለ ጠቡ በሴቶቹ መካከል ሆነ። ስብሰባችን ላይ ሁላችንም ዝም ያልነው እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው።

አዲሱ ፈጣን ባቡር

የባቡሩ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። በአሮጌው ምትክ ሌላ ሐዲድ ተዘረጋ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ሐዲዱም ሰፊ፣ ዓለም የሚጠቀምበት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል የሆነው ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሠሩት ሁለት የቻይና ድርጅቶች ሲሆኑ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ቀድሞ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ቀን ያልቃል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ቻይናውያኑ ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች አስረክበዋል። ማዳበሪያውን፣ ስንዴውን፣ ኮንቴይነሩን እየጫነ ነው። ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም በበረከቱ ደስ ይለናል። የቡሬና የደምበጫ ገበሬ የሚዘራበት ማዳበሪያ የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነውና።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። አሮጌው ባቡር በከተሞቹ መካከል ገብቶ ይቆም ነበር። ለገሐር የአዲስ አበባ እምብርት ነው። የድሬዳዋ ጣቢያም ከተማዋ የተወለደችበት ቦታ ነው። አዲሱ ግን የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ወደ ጣቢያው ለመድረስ ሌላ ታክሲ ያስፈልጋል። በጣቢያዎቹም መካከል ያለው ርቀት ረዥም ነው። ፈጣን ባቡር የሚፈጥነው በየመንደሩ ስለማይቆም ነውና ይህን እንደ ጥፋት አንቆጥርበትም። በመስኮቱ ሥር ማንቆርቆሪያ ይዛ የምትሮጥ ሴት ግን ቦታ የላትም። መስኮቱም አይከፈትም። ሁለቱን ባቡር ስናነጻጽር ያየነው ይህ ነው። አሮጌው አገሩን ዘገምተኛ አድርጎ መንደሩን ያበላ ነበር፤ አዲሱ አገሩን ያፈጥናል፣ መንደሩ ግን ራሱን ችሎ ሌላ መላ መፈለግ አለበት።

ወደ ጎጃምስ? የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ ባወጣቸው የመስመር ዕቅዶች ውስጥ አንዱ ከጎረቤታችን ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ፣ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አልፎ፣ በሰመራ በኩል እስከ ጅቡቲ ድንበር የሚደርስ ነበር። በወረቀት ላይ ሐዲዱ እስከ ጎረቤታችን ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው። በመሬት ላይ ግን በምዕራብ ጎጃም እስከ ዛሬ አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም። የእኛ «ባቡር» አሁንም ወፍጮውና የአስፋልቱ መንገድ ናቸው።

የእኛው መንገድ

የአስፋልቱ መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። እናቶቻችን አዲስ አበባ ሲሄዱ አንድ ሌሊት ከዓባይ ወዲህ ወይም ወዲያ ያድሩ እንደ ነበር ይነግሩናል። በዓባይ በረሃ ላይ ከቀድሞው ድልድይ ጎን 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። አሁን ንጋት ላይ የተነሣ አውቶቡስ በዚያው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ መንገደኛው በየከተማው ምሳ አይበላም፤ አያድርም። ውኃውንና ብስኩቱን እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ይሰጡታል። መናኸሪያችን ላይ የሚቆሙት አጭር መንገድ የሚሄዱት ሚኒባሶችና አባዱላዎች ናቸው፤ የእነሱ ተሳፋሪ ደግሞ ቤቱ ቅርብ ነውና ብዙ አይገዛም። በዚህ ላይ መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ያን ጊዜ የሚያልፍ ጠፍቶ የሚቆምም ይጠፋል።

እንግዲህ ባቡር አይተን ባናውቅም በአፍደም ጣቢያ የሆነው በእኛ መናኸሪያ እየሆነ ነው። ልዩነቱ እኛ አስቀድመን መስማታችን ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በዚያ ስብሰባ የሚከተለውን ወሰነ። አንደኛ፣ በመንገድ መዘጋት ምክንያት ብድራቸውን በወቅቱ ያልመለሱ አባላት ያለ ቅጣት ጊዜ ይጨመርላቸው። ዋናው ገንዘብ ግን አይሰረዝም፤ የሌላዋ እኅት ቁጠባ ነውና። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ለመናኸሪያ ንግድ ብቻ ብድር አይሰጥም። ተበዳሪዋ ከመንገደኛ ሌላ፣ ለከተማውና ለገጠሩ ሰው የሚሸጥ አንድ ሥራ ማሳየት አለባት፤ ዶሮም ይሁን፣ በርበሬ አዘጋጅቶ መሸጥ፣ ሽመናም ይሁን የጓሮ አትክልት። ሦስተኛ፣ ወፍጮ ቤታችን ከሚያገኘው ትርፍ ላይ በየወሩ ጥቂት እየተነሣ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ይቀመጥ።

ውሳኔው ሁላችንንም አላስደሰተም። ሁለተኛውን የተቃወሙ እኅቶች፣ «መናኸሪያው ላይ ቆሞ መዋል ቤት ዘግተው ለሚመጡ፣ ሕፃን ለያዙ፣ መሬት ለሌላቸው ሴቶች የቀረ ብቸኛ ሥራ ነው፤ ይህንንም ከከለከልናቸው ምን ይዘን እኅት ነን እንላለን?» ብለዋል። ንግግራቸው ልክ ነው። ሌላ ሥራ ለመጀመር ዶሮዋም፣ የዶሮ ቤቱም፣ መኖውም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ያበደርነው ብር ደግሞ ለሁለት ሥራ አይበቃም። ጥያቄው እንዳልተዘጋ እዚህ ጽፈን ማስቀመጥ የፈለግነው ደጋፊዎቻችንም እንድታውቁልን ነው። የምትልኩልን ድጋፍ ለሥልጠና ብቻ ሳይሆን ለሁለተኛ ሥራ መነሻ ቢሆን ብዙ ይጠቅመናል። የሌሎች ከተሞች እኅቶቻችንም ይህ ችግር ገጥሟችሁ መላ ያገኛችሁለት ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን።

ስብሰባው ሲያበቃ ከወጣቶቹ አባላት አንዷ እናታችንን፣ «እማማ፣ ባቡሩ ተመልሶ ቢመጣ ወደዚያ ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «መጥቷል ተብያለሁ፤ ፈጣን ነው አሉኝ» ብለው መለሱ። «እኔ ግን የማውቀው የሚቆመውን ነው።» ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በቆሏቸውን ሊያስፈጩ ወደ ባቡር ቤት ሄዱ።

 

የደምበጫ የቁጠባና ብድር ቡድን